ሰይድ ከጉድጓድ አልወጣም ያለ ዕለት

ነገሩ ውስጥ የነበርነውን ሰዎች አስቀድሜ ልናገር። እኔ ሁሴን ነኝ፤ ከሚሴ ውስጥ ሃያ ሰባት ዓመት የመጸዳጃ ጉድጓድ ስቆፍር ኖሬ፣ ወገቤ ሲከዳኝ ራሴን ጡረታ ያወጣሁ ሰው። ሰይድ አለ፤ አሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ የቆፈረ፣ ከእኔ አጭር፣ ከእኔ ብርቱ። ሐጂ እብሬ አሉ፤ የእህል ነጋዴ፣ ጉድጓዱ የተቆፈረው እሳቸው ግቢ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ አሉ። ጎረቤታቸው ሼህ ይመር አሉ፤ የሰፈሩ አስታራቂ፣ አንድ ጆሯቸው የማይሰማ። ልጄ ሉባባም አለች። እሷ ጉድጓዱ አጠገብ አልደረሰችም፣ ግን ያለ እሷ ነገሩ አያልቅም ነበር።

የምጽፈው ዛሬ ዶማ፣ ብሩሽ ወይም ቱንቢ ለያዛችሁ ወጣቶች ነው። ሌላው ሰው ቢያነበውም አልከለክልም።

ሥራ የጀመርኩት ጨፋ ሮቢት ላይ አሊ በሚባል ቆፋሪ ሥር ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት አካፋ ከመስጠቱ በፊት ትምህርት ሰጠኝ።

«ስማ ሁሴን፣ ዋጋ ሦስት ጊዜ ነው የሚጠየቀው» አለኝ። «አንደኛው በር ላይ ቆመን። ሁለተኛው እስከ ወገባችን ስንገባ። ሦስተኛው ጭንቅላታችን ከውጭ ሳይታይ ሲቀር።»

«ለምን?» አልኩት።

«ግማሽ ጉድጓድ ለማን ይጠቅማል? ከብት ይገባበታል፣ ልጅ ይገባበታል። ባለቤቱ ወይ ይጨምራል፣ ወይ አንድ ቀን በጨለማ ራሱ ይገባበታል።»

የዚያ ጉድጓድ ባለቤት ብቻዋን የምትኖር ሴት ነበረች። ሦስተኛው ጥያቄ ሲመጣ ገንዘብ አልቆባት እንቁላል የምትጥል ዶሮዋን ሰጠችን። አሊ እግሯን አስሮ አሸከመኝ። ዶሮዋ ግን ገመዱን ፈትታ በማግስቱ ወደ ቤቷ ተመለሰች። አሊ «ሂድ አምጣት» ብሎ ላከኝ። ሄድኩ። ሴትዮዋ እኔን አየችኝ፣ ዶሮዋንም አየች፣ ጥሬ በተነችላት። ባዶ እጄን ተመልሼ «ዶሮዋ ራሷ በመጀመሪያው ዋጋ ይሁን ብላለች» አልኩት። የሁለት ቀን ደመወዜን ቆረጠብኝ። ያን ጊዜ ለራሴ ማልኩ፤ የራሴን ሥራ ስይዝ ዋጋ አንድ ጊዜ ነው የምናገረው።

ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው፤ ስለዚህ በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኩት ምክር «ደረቅ ቦታ አስቀምጡ» የሚል ነው። ርዝመትን በወርድ፣ ከዚያ በጥልቀት ማባዛትን አንድ ባለሱቅ በሒሳብ ማሽኑ አሳየኝ። የቀረውን መሬቱ አስተማረኝ።

በራሴ ስሠራ ሥርዓት ነበረኝ። ዋጋ ከመናገሬ በፊት መሃሉ ላይ ጠባብ የሙከራ ጉድጓድ እቆፍራለሁ። ታች ስደርስ ድጅኖ እሰካለሁ፤ ብረቱ ከጮኸ ድንጋይ አለ ማለት ነው። ከዚያ ዙሪያውን ያሉ ጎረቤቶችን እጠይቃለሁ፤ የእናንተ ስንት ሜትር ላይ ጠነከረ? ይህ ሁሉ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ዋጋውን የምቆርጠው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሉባባ ፊደል ከቆጠረች ጀምሮ ውሉን የምትጽፈው እሷ ናት።

ጭማሪ የሚጠይቅ ባለሙያ አልወድም ነበር። አንድ ጊዜ ቤቴን የሚቀባ ሰው ቀጠርኩ። ሦስት ግድግዳ ቀብቶ «ግድግዳው ቀለም ይጠጣል፣ ጨምር» አለኝ። ሦስቱም ሲጠጡ ዝም ብሎ አራተኛው ላይ ማንሳቱ ስላናደደኝ አሰናበትኩት። አራተኛው ግድግዳ እስከ ዛሬ ሲሚንቶ ነው። እንግዳ ሲመጣ ፊቱን ወደዚያ አዙሬ አስቀምጠውና ታሪኩን እነግረዋለሁ። ባለቤቴ ይህን አትወድም።

አሁን ወደ ሐጂ እብሬ ልምጣ። ወንድ ልጃቸው ሉባባን ለማግባት ሼህ ይመርንና አጎቱን ሽማግሌ ላከ፣ ተስማማን። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሐጂ አስጠሩኝ። ለሠርጉ ብዙ ሰው ስለሚመጣ ጓሮ አዲስ መጸዳጃ ያስፈልጋል፤ ሦስት ሜትር በሁለት ተኩል፣ ጥልቀቱ አምስት።

«ስንት ትላለህ፣ ሁሴን?» አሉኝ።

ሙከራ አልቆፈርኩም። ድጅኖም አልሰካሁም። የሴት ልጅ አባት ነኝ፤ በአማቾቿ ፊት ዋጋ ሳሰላ መታየት አሳፈረኝ። «ለእርስዎ በድፍን አሥራ ስምንት ሺህ» አልኩ። ሐጂ ፊታቸው በራ። ያን ያህል መብራቱን እንደ ምስጋና ቆጠርኩት። እጃችንን ዘርግተን ፋቲሃ ቀራን። ውል አልተጻፈም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሜትሮች እንደ ቅቤ ነበሩ። ሰይድ እንኳን ገረመው። «ሁሴኔ፣ ይህ አፈር የታረሰ ነው የሚመስለው» አለኝ። ሁለት ሜትር ላይ አንድ እግር ላስቲክ ጫማ ወጣ። ሁለት ሜትር መሬት ውስጥ ጫማ ምን ይሠራል ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ወርውሬ ጣልኩት።

ሁለት ሜትር ከሰማንያ ላይ ድጅኖው ጮኸ። ጥቁር ድንጋይ ነበር። በቀን ከአንድ ስንዝር በላይ መውረድ አቃተን፤ አንድ ሳምንት እንዲህ ገፋን። ሰይድ ሁለት መሮ ሰበረ፤ መዳፉ ተላጠ።

«ንገራቸው» አለኝ።

«ቃሌን ሰጥቻለሁ። አማች ናቸው።»

«የሉባባ አማች ናቸው። ለእኔ ምኔ ናቸው?»

«ነውር ነው፣ ሰይድ!»

«እሺ» አለ። ሰይድ እሺ ሲል መፍራት እንዳለብኝ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ መማር ነበረብኝ።

በማግስቱ አራት ሜትር ላይ ነበርን። የግንቦት ፀሐይ አናት ይበሳል። ረፋዱ ላይ ሰይድ መዶሻውን አስቀመጠ፣ ጋቢውን አነጠፈ፣ ተቀመጠ።

«ስምንት ሺህ ካልተጨመረ አልወጣም» አለ።

ሥራ የማይጀምር ባለሙያ አይቻለሁ፣ የማይጨርስም አይቻለሁ። የማይወጣ ግን ያኔ ገና አየሁ። ሐጂ ጩኸቱን ሰምተው መጡ።

«ውጣ!» አሉት።

«አልወጣም!»

«ከግቢዬ ውጣ ነው የምልህ!»

«ግቢዎ ውስጥ አይደለሁም፤ ከግቢዎ በታች ነኝ!»

ድምፁ ከታች ሲመጣ እንደ ድምፅ ማጉያ ስለነበር ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ሐጂ «ሲርበው ይወጣል» ብለው ዞሩ። እትዬ ዘይነባ ግን በባልዲ ምሳ አወረዱለት።

«አንቺ! ለምን ታበይዋለሽ?» አሉ ሐጂ።

«በቤቴ ሰው አይራብም።»

«እሱ ጉድጓድ ውስጥ ነው!»

«ጉድጓዱስ የማን ነው?»

ሼህ ይመር ተጠሩ። አፋፉ ላይ ቆመው በደህናው ጆሯቸው አዳመጡ፣ አልተሰማቸውም። «ወርጄ ላናግረው» ብለው በመሰላሉ ወረዱ። ጥቂት ቆይቶ ከታች ሳቅ መጣ። ከዚያ የሼሁ ድምፅ፤ «አጃኢብ! ቀበና ነው፣ ቀዝቃዛ ነው እናንተዬ! እዚህ ያለው ቅዝቃዜ ከሚሴ ውስጥ የትም የለም!»

ሼሁ አልወጡም። የሙሽራው አጎት ሊያወጧቸው ወረዱ፤ እሳቸውም አልወጡም። ይልቁንስ ከታች «ኮቱ፣ ኮቱ! ኑ፣ ቦታ አለ!» ይሉን ጀመር። ባዶው ባልዲ ሲሳብ መልእክት ይዞ መጣ፤ ነገሩ ረጅም ስለሆነ ጫት ይውረድ። ወረደ። የዙሁር ሶላት ሲደርስ ይወጣሉ ብለን ስንጠብቅ ሼሁ «እስካሁን ማንም አልተጠቀመበትም፤ ንጹሕ አፈር ነው» ብለው ውሃ አስወርደው እዚያው ሰገዱ።

ከላይ፣ ፀሐዩ ላይ፣ እኔና ሐጂ ብቻ ቀረን። አንድ ጃንጥላ ለሁለት ይዘን ቆምን። ከዚያ ሐጂ ቀስ ብለው እንዲህ አሉ፤

«ሁሴን፣ አላህ ያውቃል፣ ይህን ነገር መክራችሁ ነው ያመጣችሁት። አንተ ከላይ ታሳምራለህ፣ እሱ ከታች ይጠይቃል።»

«ሐጂ!»

«የጉድጓዱ ነገር እንዲህ ከሆነ የዝምድናውንስ ነገር እንዴት ልመን? ዝምድናው ይቅር ብዬ ሽማግሌዎቹን መልሼ ልጠራቸው ነው።»

ልጄ ልብሷን አሰፍታ ጨርሳለች። ለሃያ ሰባት ዓመት የሰደብኳቸውን ሰዎች መስዬ ቆሜያለሁ፤ ያውም ገና አንድ ብር ሳልጠይቅ።

በዚህ መሃል ኪሴ ውስጥ የሰይድ ስልክ ጮኸ። ጉድጓድ ሲገባ ስልኩን እኔ ጋ ነው የሚያስቀምጠው። የስልኩ መስሚያ ተበላሽቶ ያለ ላውድ ስፒከር አይሰማም። አነሳሁት። ሉባባ ነበረች፤ ወሬው ደርሷታል።

«አጎቴ ሰይድ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ» አለች። «አባቴ መሬቱን ሞክሮ ነበር?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እንግዲያው አንተን ልጠይቅህ፣ አባ። ሞክረህ ነበር?»

ሐጂ አጠገቤ ቆመው ይሰማሉ። ለልጆቼ ዋሽቼ አላውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ስለሆንኩ ሳይሆን ስለሚይዙኝ ነው።

«አልሞከርኩም» አልኩ።

«ለምን?»

«ለሐጂ ዋጋ ላሳምር ብዬ።»

«ዋጋውን የምታሳምረው አንተ፣ ድንጋዩን የሚፈልጠው አጎቴ ሰይድ?» አለችና ዘጋችው።

ሐጂ ደረታቸው ተነፋ። «አየህ? ጥፋቱ ያንተው ነው!»

እትዬ ዘይነባ ሳህን እያጠቡ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ «የእሱ ብቻ?» አሉ። «ያ ከሰንበቴ ከተማ የመጣው ቆፋሪ እዚያው ቦታ ድንጋይ አግኝቶ፣ ጨምሩልኝ ቢል አይሆንም ተብሎ፣ ጥሎ ሲሄድ ጉድጓዱን በአፈር መልሶ ያስሞላው ማነው? ተናዶ ጫማውን እንኳን ሳያነሳ የሄደው!»

«ላስቲክ ጫማ?» አልኩ። «አንድ እግር?»

«አንድ እግር። ሌላውን አድርጎ ነው የሄደው።»

ወደ ሐጂ ዞርኩ። ጃንጥላውን ለእኔ ለቀቁልኝ።

«አልጠየቅከኝማ» አሉ። «አሥራ ስምንት ሺህ ስትል ምን ልበልህ? ዋጋው ረከሰልኝ፣ ዝም አልኩ።» ከዚያ፣ «አፉ በለኝ» አሉ።

«እርስዎም አፉ ይበሉኝ» አልኩ። «ሽማግሌዎቹስ?»

«የት አሉና? ሁሉም ጉድጓድ ውስጥ ናቸው። ሠርጉ እንደተቆረጠው ነው፤ አብሽር።»

ወደ ታች እውነቱን ነገርናቸው። የሼሁ ፍርድ ቶሎ መጣ፤ ለሰይድ ስምንት ሺህ ይጨመር፣ ግማሹን ዝም ያሉት ሐጂ፣ ግማሹን ሳልሞክር ዋጋ የቆረጥኩት እኔ ከድርሻዬ። ሁለታችንም እሺ አልን።

ከዚያ መውጣት ሆነ። አጎትዬው ሁለት ምሳ በልተው ስለነበር ሲወጡ ሁለት የመሰላል ርብራብ ሰበሩ። ሰይድ በጉልበቱ ተንጠላጥሎ ወጣ። ሼሁ ታች ቀሩ። ጣውላ በገመድ አስረን አስቀመጥናቸው፤ ወገቤ ስለማይስብ መንገድ ላይ የቆመ ባጃጅ ጠራን። ባለባጃጁ ገመዱን ከኋላ አስሮ ሊስብ በሁለት መቶ ብር ተስማማ።

ሼሁ ግማሽ ሲደርሱ ባጃጁ ቆመ።

«ሽማግሌው ከገመትኩት በላይ ይከብዳሉ» አለ ልጁ በመስኮት። «ሦስት መቶ ይሁን።»

«ምን አለ?» አሉ ሼህ ይመር በአየር ላይ እየዞሩ። «አልተሰማኝም!»

ከሁላችን በላይ የተናደደው ሰይድ ነው። «ነውር አይደለም?» ብሎ ጮኸ። «ሰው አንጠልጥለህ ዋጋ ትጨምራለህ? አላህን አትፈራም?»

ሐጂ ተመለከቱት። እኔም ተመለከትኩት። ሦስት መቶውን ከፈልኩ።

ጉድጓዱ አለቀ። ሠርጉም በቀኑ ሆነ። እንግዳ ሁሉ ተገለገለበት፤ ያማረረ የለም።

የተማርኩት ይህ ነው። ዋጋ ከመናገርህ በፊት መሬቱን ሞክር፤ በተለይ ለዘመድ ስትሠራ። ድንጋይ ስታገኝ እዚያው ዕለት ከላይ ቆመህ ተናገር። አሠሪ ከሆንክ ደግሞ፣ ዋጋው ሲረክስብህ ስለ መሬቱ የምታውቀውን አትደብቅ።

ብሞክር ኖሮ ሃያ አራት ሺህ እቆርጥ ነበር። ሳልሞክር ግን ሐጂ ሃያ ሁለት ሺህ፣ ለጫቱ ደግሞ ሰባት መቶ ብር አወጡ። ሰይድ ከእኩል ድርሻው ጋር አሥራ ሰባት ሺህ ብር ወሰደ፤ የሰበራቸው መሮዎች የራሱ ነበሩ። እኔ ከዘጠኝ ሺህ ድርሻዬ ላይ ለሰይድ አራት ሺህ፣ ለመሰላሉ ስድስት መቶ፣ ለባጃጁ ሦስት መቶ ከፍዬ አራት ሺህ አንድ መቶ ብር ይዤ ቤቴ ገባሁ። ከምሳው በቀር ሐጂ ያወጡትና ከእኔ ድርሻ የሄደው ሁሉ ሲደመር ጉድጓዱ የፈጀው ሃያ ሰባት ሺህ ስድስት መቶ ብር ነው።