ከዓምዱ ሥር የመጣው ደወል

ልጅ እያለሁ ድንጋይ ሁሉ ድምፅ ያለው ይመስለኝ ነበር። ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ ጣና ዳር ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ደወሉ ብረት አልነበረም። ከዋንዛ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠሉ ሦስት ረዣዥም፣ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ነበሩ። ማለዳ በጠጠር ሲመቱ ድምፃቸው የእርጥብ ደንገል ሽታ ካለበት ዳርቻ ተነሥቶ በውሃው ላይ እየሳሳ ይሄዳል። በታንኳ ያሉ ዓሣ አጥማጆችም ቀና ብለው ያማትባሉ።

አንድ ክረምት የአንደኛው ገመድ በስብሶ ኖሮ፣ ቀጭን ድምፅ የነበረው ድንጋይ ወድቆ ለሁለት ተሰበረ። የቤተ ክርስቲያኑ መሪጌታ የነበሩት አባቴ ምትኩን እኔ አመጣለሁ ብለው በሰው ፊት ቃል ገቡ። ደግሞም የሚያመጡት ከጎንደር መንገድ ነው። ድንጋይ ፍለጋ በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው አይተን አናውቅም ብለው የሳቁባቸው ብዙ ነበሩ። እሳቸው ግን በተማሪነታቸው በእግር ሲያልፉ፣ ከአንድ ትልቅ የድንጋይ ዓምድ ሥር እረኞች የተንጠለጠለ ድንጋይ እየመቱ ሲጫወቱበት የሰሙትን ድምፅ አልረሱትም።

አሥር ዓመቴ ነበር። ይዘውኝ የሄዱት ልመናዬ ስላሰለቻቸው ይመስለኛል። አውቶቡሱ ሐሙሲትንና ወረታን አልፎ፣ ከአዲስ ዘመን ወዲያ ዳገቱን ሲይዝ ዓምዱን አየሁት። ከተራራው ጀርባ ላይ ብቻውን ቀጥ ብሎ ወጥቷል። ጉም ወገቡን ስለያዘው አናቱ ከምድር ተለይቶ የሚንሳፈፍ ይመስል ነበር። መንገዱ ሲጠማዘዝ እሱም አብሮን ይዞራል፤ አንዴ ለጸሎት የቆመ መነኩሴ፣ አንዴ ወደ ላይ የተቀሰረ ጣት ይሆናል። ከአውቶቡሱ ወርደን ቀርበን ስናየው ከላይ እስከ ታች የወረዱት ስንጥቆቹ እንደ ሽንሽን ቀሚስ ነበሩ። ፀሐይ ከደመናው ብቅ ስትል ግራጫው ወደ ወይን ጠጅ፣ ወይን ጠጁ ወደ ማር ተለወጠ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ከሥሩ ስስ ስስ ድንጋዮች ተበትነዋል። አባቴ አንድ በአንድ እያነሡ፣ ከጫፉ አንድ ስንዝር ለክተው በቀጭን ገመድ አስረው፣ ከግራር ላይ እያንጠለጠሉ መቱ። መሬት የያዘው ድንጋይ አይናገርም፣ ማንጠልጠል ያስፈልጋል አሉኝ። ብዙዎቹ ዷ ብለው ዝም አሉ። ቁመቱ እስከ ደረቴ የሚደርሰው አንዱ ግን ሲመታ ጠራ። ድምፁ በዓምዱ ጎን ወደ ላይ ወጣ፤ ከጉሙም ውስጥ ወደ እኛ ተመለሰ። መመለሱን ዛሬ ማረጋገጥ አልችልም። እኔ ግን ሰምቻለሁ።

ስንመለስ ድንጋዩ በአባቴ ጋቢ ተጠቅልሎ አጠገባችን ተቀመጠ። የአውቶቡሱ ረዳት መጥቶ አየውና፣ «መምሬ፣ እኚህ ተሳፋሪ የት ነው የሚወርዱት?» አላቸው።

«ከእኛ ጋር ናቸው» አሉት አባቴ፣ ሳይስቁ።

የመጀመሪያው ስለወደቀ ቄሰ ገበዙ ፈርተው ነበር። ይኸኛውም እንዳይሰበር ብለው ወገቡን በእርጥብ ጠፍር ሦስት ዙር አስጠመጠሙት፤ ቆዳው ሲደርቅ ጥርቅም አድርጎ ያዘው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ቆሞ ሳለ አባቴ መቱት። ዷ አለ። ደግመው መቱት፤ ያው ነው።

ከኋላ አንዱ፣ «መሪጌታ፣ የመንገድ ድካሙ አልወጣለትም መሰል» አለ። ሳቁ ከአጥሩ ውጭ ሳይሰማ አልቀረም። አባቴ ጠጠሩን መሬት ላይ አስቀመጡ። ተሳስቻለሁ ሊሉ እንደሆነ ከትከሻቸው አወቅሁ።

ሄጄ ነጠላዬን እንደያዝሁ አጠገባቸው ቆምሁ። «አባባ፣ እዚያ ወገቡን አልነካነውም። ከጫፉ ስንዝር ላይ፣ በአንድ ገመድ ብቻ ነበር» አልኋቸው።

አባቴ የድንጋዩን ወገብ በእጃቸው ዳሰሱ። ከዚያ ጠፍሩን በቢላዋ መቁረጥ ጀመሩ። ቄሰ ገበዙ፣ «ኋላ ቢወድቅስ፣ መሪጌታ?» አሉ።

«ቢወድቅ እኔ ልጠየቅ። ታንቆ ግን አይዘምርም።»

ስንዝራቸውን ለኩ፤ አሰሩ፤ ጠጠሩንም ለእኔ ሰጡኝ። መታሁት። የሳቁት ሰዎች ፊት አይታወሰኝም። የማስታውሰው ከሐይቁ ላይ አንድ ዓሣ አጥማጅ መቅዘፊያውን አስቀምጦ ሲያማትብ ነው።

ዛሬ በጋዜጠኝነት ሥራዬ በዚያ መንገድ ብዙ ጊዜ አልፋለሁ። ዓምዱ በጥንት ዘመን በእሳተ ገሞራ ጉሮሮ ውስጥ የረጋ ድንጋይ እንደሆነ፣ ዙሪያውን የነበረውን ተራራ ዝናብ አጥቦ እንደወሰደው አንድ የሥነ ምድር ባለሙያ አስረድተውኛል። ጽፌዋለሁም። ከባሕር ዳር መውጫ፣ በዘንዘልማ ማሳ መካከል ፎቅ በቅሏል። አባቴ ካረፉ ቆይቷል። ቤተ ክርስቲያናችን ድምፅ ማጉያ ገብቶለታል፤ ድንጋዮቹ የሚመቱት አልፎ አልፎ ነው።

በቅርቡ ስሄድ አንድ ወጣት ዲያቆን የዚያን ድንጋይ ገመድ ሲቀይር ደረስሁ። እጁን ዘርግቶ ከጫፉ አንድ ስንዝር ለካ። ለምን እዚያ ላይ እንደሚያስር ጠየቅሁት።

«እኔ እንጃ፣ እትዬ። ሲታሰር የኖረው እንዲህ ነው» አለኝ።

ልማድ ሆኖብኝ ማስታወሻዬን አውጥቼ ነበር። ምንም ሳልጽፍበት ዘጋሁትና፣ እንዲመታልኝ ለመንሁት።