መኪናው ዝም ያለ ቀን

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። ስፌቱ በማስመሪያ የተሰመረ ስለሚመስል ሰፈሩ ጋሽ መስመር ይለዋል። እኔ ጫማ ሰሪ ነኝ። ሱቆቻችንን የሚለየው አንድ ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ነው፤ እሱ ሲያስነጥስ እኔ ይማርህ ማለት ይቃጣኛል። ከአራት ዓመት በፊት መዶሻህ ራሴን አዞረው አለኝ፤ የአንተስ የስፌት መኪና አልኩት። በዚችው ሆድና ጀርባ ሆንን። ሁለት ሙሉ ጎልማሳ፣ ሕፃንን እንኳ የሚያሳፍር ኩርፊያ።

ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። አንዲት ልጁ ሩቅ ነው የምትኖረው። ከሱቁ ጀርባ ባለች ክፍል ብቻውን ያድራል፤ ምሳ ሰዓት ላይ በግድግዳው የሚሰማኝ የአንድ ማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው። የእኔም ቤት ከዚያ አይሻልም።

አንድ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ መኪናው ቀጥ አለ። ጋሽ መስመር የጀመረውን ስፌት ሳይጨርስ አያቆምም። አንድ ነገር እንደሆነ ገባኝ። ግን እፎይ አልኩ፤ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ብረት ሲንኳኳ ስሰማ መኪናውን እየፈታታ ነው ብዬ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩና ሶሌን መለጠፍ ቀጠልኩ።

ለካ ስፌቱ ጠሞበት ኖሯል። በሕይወቱ ጠሞበት የማያውቅ ሰው እጁን አይጠረጥርም፤ መኪናውን ጠረጠረ። እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ ደህናውን መኪና ሲፈታና ሲገጥም፣ ዘይት ሲያጠጣ ዋለ።

ሰባት ሰዓት ላይ ቀሚሷን ልትለካ የመጣች አስተማሪ ጠራችኝ። ገባሁ። በከንፈሩ ይዟቸው የነበሩት ስፒሎች መሬት ላይ ተበትነዋል፤ አፉ በቀኝ በኩል ወርዷል። ሊናገር ሞከረ፣ ምላሱ ተሳሰረ። እኔ ጅሉ ድካም መስሎኝ ውሃ ላጠጣው ስል እጄን ያዘችኝ።

"ተዉት፣ ትን ይለዋል። ጋሼ፣ እስቲ ሁለቱንም እጅዎን ያንሱ።"

ግራው ተነሳ። ቀኙ ጉልበቱ ላይ ቀረ። ስትሮክ ነው፣ አባቴንም እንዲህ ነው ያደረገው፣ ቶሎ ታክሲ ይጥሩ አለችኝ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀን መቼ እንደጀመረው ነው። ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሁለት ሰዓት ላይ አልኩ። የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት እንዳለ፣ የሚሰጠው ግን በመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓት ተኩል ውስጥ እንደሆነ፣ አሁን እንዳለፈ ነገረኝ። ትንሽ ቀደም ብላችሁ መጥታችሁ ቢሆን ኖሮ ብሎ ተወው። የቀረውን እኔ ለራሴ ጨረስኩት።

ልጁ መጥታ ሦስት ሳምንት አስታመመችውና ሥራዋ ጠራት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እየሄድኩ የግፊት ክኒኑን አስውጠዋለሁ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እዘረጋለሁ፣ የጨርቅ ኳስ አስጨብጠዋለሁ፣ ክንዱን ይዤ በረንዳው ላይ አመላልሰዋለሁ። ንግግሩ በቁንጥር ተመለሰ፤ መጀመሪያ የተመለሰው ስድቡ ነው። ሰፈርተኛው ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው እያለ ይመርቀኛል። ምርቃቱ ይወጋኛል። ስድስት ወር ሙሉ ልንገረው አልንገረው እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ከረምኩ። ብነግረው ሊያባርረኝ ይችላል፤ እኔ ደግሞ ሌላ የምሄድበት ሰው የለኝም።

ትናንት ቀኝ እጁ ክር ያዘ። ያዘና ለቀቀው፤ የወደቀውን ክር አየው። አላስቻለኝም።

"ጋሼ፣ ያን ዕለት መኪናህ ሲቆም ሰምቼ ነበር። አንድ ነገር እንደሆንክም ገብቶኝ ነበር። ግን ደስ አለኝ፣ ሳልመጣ ቀረሁ።"

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ኮቴን ለብሼ፣ ይህችም የመጨረሻ መምጣቴ ናት እያልኩ በሩን ከፈትኩ።

"አንተ" አለኝ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመ። "ነገ... ቀደም... ብለህ ና።"