የመርፌው መኪና

ሰፈሩ ልብስ ሰፊውን «መርፌው» የሚለው በሙያው ብቻ አይደለም፤ የተቀመጠበት ሁሉ ስለሚወጋው ጭምር ነው። ምግብ ቤት ገብቶ ሾርባው እስኪመጣ የአስተናጋጁን የላላ ቁልፍ አጥብቆ ይተክላል ይባላል። እኔ አላየሁም፣ ግን አምናለሁ።

ያሳደጋት የእህቱ ልጅ ልታገባ ሆነና የሁለቱም ወገን ዘመድ ተሰበሰበ። ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ ላይ እንዳይቆለል ስጦታውን አስቀድሞ መከፋፈል ነበረባቸው። አንዷ ድስቱን፣ ሌላው አልጋውን ያዘ። መርፌው ቁጭ ማለት አቅቶት መጋረጃውን ይለካል።

«መኪናውን ለኔ ተዉት» አለ ዞር ሳይል።

ይህን የሰማችው የሙሽራው አክስት ናት። እሷ የሰማችው ነገር ደግሞ ቤቷ እስክትደርስ አይቆይላትም። በማግስቱ ሙሽራው መንዳት ሊማር ተመዘገበ፤ አባቱም ለማቆሚያ ብሎ ግቢውን አስጠረገ።

ለመርፌው ወሬው የደረሰው ሱሪ ሊያሳጥር ከመጣ ባለታክሲ ነው።

«ጋሼ፣ መኪና ልትሰጥ ነው አሉ። ቀለሟ ምንድን ነው?»

«ጥቁር።»

«አዲስ ናት?»

«በዕድሜ ትበልጠኛለች። ግን የድሮ ብረት ናት።»

«ዘይት ትበላለች?»

«ጠብታ ይበቃታል።»

ባለታክሲው በቅናት ምራቁን ዋጠ። «ስንት ሰው ትጭናለች?»

የመርፌው እግር ፔዳሉ ላይ ደርቆ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት የለም። የባለታክሲውን ሱሪ አንዱን እግር ደፍኖ ሰፋው። ነገሩን ሊናገር እህቱ በር ድረስ ይሄድና ይመለሳል። ልጅቷ በአማቶቿ ፊት አንገቷን ስትደፋ ይታየዋል። ይባስ ብሎ እሷም መኪናውን እየጠበቀች ቢሆንስ?

ቀሚሷን ልትለካ መጣች። እሱ አፉ ሙሉ ስፒል ነው።

«መኪናው...» አለ በጥርሱ መሃል።

«ሰማሁ። አማቴ ግቢ አስጠርገዋል።»

ስፒሎቹን አንድ በአንድ እያወጣ ቀሚሱ ጫፍ ላይ ሰካ። የሚያወጣው ሲያልቅበት የሰካውን ነቅሎ እንደገና ይሰካ ጀመር።

«አጎቴ፣ እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው» አለችው። «እሷን ከሰጠኸኝ አንተ በምን ልትሰፋ ነው?»

እዚያ ቤት ላደገ ሰው መኪና ማለት ያቺው ጥቁሯ የስፌት መኪና ብቻ ነበረች።

የሰርጉ ዕለት መርፌው የስፌት መኪናዋን በጋሪ ጭኖ ሲገባ የሙሽራው አክስት በትከሻው አሻግራ መንገዱን አየች።

«መኪናውስ?»

ሙሽራዋ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ መኪናዋ ጋ ተቀመጠችና ፔዳሏን ረገጠች።

«ይቺው ናት። መንጃ ፈቃዴን አጎቴ ቤት በልጅነቴ አውጥቻለሁ» አለች። ቀድሞ የሳቀው ግቢውን ያስጠረገው አማቷ ነው።

መርፌው ምግብ ቀርቦለት ተቀመጠ። እግሩ ግን ጠረጴዛው ሥር ባዶ አየር ይረግጣል። ትንሽ ቆይቶ ጎኑ የተቀመጠውን ሰው፣ «ቁልፍህ ላልቷል፣ ወዲህ በል» አለው፤ ክርና መርፌውን ከኪሱ እያወጣ።