ካሴታችን ላይ የተሰጠ ሂስ

ነገሩ የሆነው በሰፈራው ዘመን፣ ከወሎ አምጥተው አሶሳ አካባቢ ባሰፈሩን በሁለተኛው ዓመት ነው። ሬዲዮ ላይ ስለ አዲስ አልበም ሂስ ሲሰጡ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ሬዲዮኑንም እዘጋዋለሁ።

ያኔ ድምጿ የሚወራላት ልጃገረድ ነበርኩ። ኢድሪስ የሚባል የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ሰው፣ ሰፈራ ጣቢያችን ማንጎ ሊሸጥ ይመጣ ነበር። አንድ ቀን ክራር የሚመስል የራሳቸውን መሣሪያ ሲጫወት ሰማሁትና አብሬው ዘፈንኩ። እሱ በቋንቋው፣ እኔ በአማርኛ። አንዳችን የሌላችንን ግጥም በደንብ ሳንረዳ ዜማው ገጠመልን።

ባምባሲ ከተማ ቴፕ ያለው ልብስ ሰፊ ነበር። እሱ ቤት ተቀምጠን የመጀመሪያ ካሴታችንን ቀዳን። የሰውየው ዶሮ ሁለት ቦታ ላይ ይጮሃል። ዘፈኖቻችን ሁሉ ባንዱ ገጽ አለቁ። ማባዣ ስላልነበረው ያለችን ያቺው ካሴት ብቻ ነበረች።

መንደሩ ወደዳት። ከሁሉ በላይ የወደዷት ጎረቤቴ አያ ተገኘ ናቸው። ተጥሎ ስለመጣ አገር የምታወራዋን ዘፈን «ድገሚልኝ ልጄ» እያሉ በጋቢያቸው ጫፍ እንባቸውን ይጠርጉ ነበር።

ወሬው ካድሬው ጆሮ ገባ። ሰዉን ዋርካ ሥር ሰበሰበና ካሴታችንን ቴፕ ውስጥ ከቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። እኔንና ኢድሪስን ፊት አቆመን። አንድ ዘፈን ያሰማል፣ ያቆማል፣ «ሂስ ያለው እጁን ያውጣ!» ይላል። ዝም ያለ ሰው ራሱ እንደሚጠረጠር ሁሉም ያውቃል።

እንደዚያን ቀን ብዙ የሙዚቃ አዋቂ ባንድ ቦታ ተሰብስቦ አይቼ አላውቅም። አንዱ «ድምጿ የተራበ ጥጃ ነው» አለ። ሌላዋ «ዜማው ያስተኛል፤ ምርት ይቀንሳል» አለች። ትናንት እስክስታ የወረደችበት ዘፈን ነው።

አያ ተገኘ እጃቸውን ሲያወጡ ልቤ መለስ አለ። የሚያድኑን መስሎኝ ነበር።

«ጓድ፣ ይህን የሰማ ሰፋሪ አገሩ ይናፍቀዋል። የናፈቀው ደግሞ ይኮበልላል» አሉ።

ተጨበጨበ። ሰፋሪ ማስኮብለል ያሳስር ነበር። ካድሬው ፈገግ ብሎ «ወይ አሶሳ ወህኒ ቤት፣ ወይ እዚችው ካሴት ላይ ግለ ሂስ» አለን። ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መለሰና መቅጃውን ተጫነ።

እኔ ቶሎ ጨረስኩ። የኢድሪስ አማርኛ ግን ከገበያ አያልፍም።

«እኔ ጥፋት አለች። ዘፈን መጥፎ ነው። እኔ ለሰፋሪ ሂድ አላለም» አለ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። የሚስቁት የኔው ሰዎች ናቸው።

«ብለሃል እንጂ! አስተካክለህ ድገም!» ብሎ ጮኸበት ካድሬው። ቴፑን ግን አላቆመውም። ኢድሪስ በተሳሳተ፣ ሰው በሳቀ ቁጥር በላዩ እየተቀዳ ዘፈናችን ይበላል። እሱም ገብቶታል፤ ቶሎ ለመጨረስ ሲል ይብስ ይንተባተባል።

«ኡኽቲ፣ እህቴ፣ እንዴት ነው የሚባል?» ብሎ ወደኔ ዞረ። ልነግረው አፌን ስከፍት ካድሬው «ጓዲት፣ ዝም በይ!» አለኝ። ኢድሪስ አስተካክሎ ሳይናገር ያ ገጽ አለቀና ቴፑ ቀጭ ብሎ ቆመ። ያኔ ለቀቁን። ኢድሪስ መሣሪያውን አቅፎ ማንንም ሳያይ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ማንጎ ይዞ መጥቶ አያውቅም።

አመሻሹ ላይ አያ ተገኘ ደጄ መጡ።

«ልጄ፣ ያቺ የኔዋ ዘፈን ተርፋለች?» አሉኝ።

በሩን ዘጋሁባቸው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ሲሞቱ ልጆቻቸው «ድምፅሽን ይወዱት ነበር፤ እባክሽ አልቅሺልን» ብለው ለመኑኝ። ቀብር ሄድኩ። አፈር ሲለብሱ ቆሜ አየሁ፤ አፌን ግን አልከፈትኩም። ሰዎች «ፈርተው ነው፤ ይቅር በያቸው» ይሉኛል። መፍራታቸውንማ አውቃለሁ፤ እኔም ፈርቼ ነበር። ይቅር ማለት አቃተኝ ብል እዋሻለሁ። አልፈለግሁም።