ለግድግዳው የተሰፋ ልብስ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት መዶሻ ተሰጠኝና ድንጋይ እንዳልመታበት ተነገረኝ። «አንኳኪ ብቻ» አሉኝ ካቦዬ ጋሽ ታደሰ። «መምታቱ ኋላ ይደርሳል።» ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከድንጋይ ካባው አፋፍ ላይ ቆመን ነበር። አንዱን ድንጋይ በመዶሻው ጫፍ ነካ አደረግኩት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠኝ። ሁለተኛውን ብነካው ዱብ አለ፤ የረጠበ ዱቄት ያለበት ከረጢት የመታሁ ነው የመሰለኝ። «የመጀመሪያው ጤነኛ ነው። ሁለተኛው ሆዱ ውስጥ ውሃ ወይ ስንጥቅ አለበት» አሉኝ። «ይኼን የለየ ግንበኛ ይሆናል። ያልለየ እንደኔ ካቦ ይሆናል።»

የመጣሁት ለቀን ሥራ ነበር። አሸዋ ተሸከምኩ፣ ጭቃ አቦካሁ፣ ረዳት ሆንኩ፤ በመጨረሻ የራሴን ቱንቢ ይዤ ግንበኛ ተባልኩ። ሴት ግንበኛ ያየ ሁሉ «ባልሽስ የት ነው?» ይለኝ ነበር። «ቤት ነው፣ ወጥ እየሠራ» እላለሁ። ይስቃሉ። እኔ ግን አልቀለድኩም፤ ባሌ እውነትም ወጥ ይሠራል፤ ያውም ከኔ ይጣፍጣል።

ብዙ ቤት ገንብቻለሁ፣ ብዙም አድሻለሁ። የምነግራችሁ ግን ስለ አንዱ ነው።

ከሾላ ገበያ ወደ ተራራው የሚወስደው መንገድ አቀበቱን በሚጀምርበት ቦታ ባለ አንድ ፎቅ አሮጌ የንግድ ቤት አለ። ካባው በሚሠራበት ዘመን ድንጋይ ጠራቢዎቹ መዶሻ የሚገዙት፣ ጨውና በርበሬ የሚሸምቱት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ጠጅ የሚጠጡት እዚያ ነበር። ቤቱም የተሠራው ከዚያው ካባ በወጣ ጥርብ ድንጋይ ነው። ካባው ከተዘጋ ቆይቷል፤ ሠፈሩና ቤቱ ግን ቀሩ። አሁን ከምድር ቤቱ በስተቀኝ ሐጂ ከድር ቅመም ይሸጣሉ፤ በስተግራ ጋሽ ወርቅነህ ልብስ ይሰፋሉ። ፎቁ ላይ ያለው የእንጨት በረንዳ የርግቦች ነው፤ ኪራይ የማይከፍሉት እነሱ ብቻ ናቸው።

ክረምቱ እንደወጣ የቤቱ ወራሾች አስጠሩኝ። የፊቱ ግድግዳ ውሃ አዝሎ ሆዱን ነፍቷል። ግማሾቹ ወራሾች አፍርሰን መስታወት ፎቅ እንሥራ ይላሉ፤ ግማሾቹ አባታችን የሠራውን አንነካም ይላሉ። በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ቀጣዩ ክረምት ሳይገባ ግድግዳው ከደረቀ ይቆማል፣ ካልደረቀ ይፈርሳል። ጋሽ ወርቅነህ ይኼን ሲሰሙ የስፌት መኪናቸውን መርገጥ አቆሙ። በወጣትነታቸው ገብተው ያረጁት እዚያች ሱቅ ውስጥ ነው። መስታወት ፎቅ ውስጥ በእግር የምትረገጥ መኪና ማን ያስገባል?

አብራኝ የምትሠራው መሐንዲስ ሳምራዊት የምትባል ልጅ ነበረች፤ ጎበዝ ናት። ግድግዳውን ዳበሰች፣ ጫር አደረገችና ዞር አለችልኝ። «እትዬ ዘነቡ፣ ይሄ እኮ ሌየር በሌየር ኦይል ፔይንት ነው። ግድግዳው ብሪዝ አያደርግም።»

«በአማርኛ ንገሪኝ።»

«ታፍኗል።»

በመዶሻዬ አንኳኳሁት። ዱብ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታቦቱ በጥምቀት ሲመለስ በዚያ በር ያልፋል። ስለዚህ በየዓመቱ፣ ከበዓሉ በፊት፣ ባለሱቆቹ ሁሉ የሱቃቸውን ፊት የዘይት ቀለም ይቀባሉ። ያረጀውን የሚፍቅ የለም፤ ከላዩ መደረብ ነው። ሐጂ ከድር ሳይቀሩ ይቀባሉ። «ሐጂ፣ እርስዎን ደግሞ ምን አገባዎት?» ብላቸው፣ «ወርቅነህ አረንጓዴ ሆኖ እኔ የተላላጥኩ ልቆም?» አሉኝ። ከመሬት የተሳበውና ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ በድንጋዩ መጋጠሚያ ገብቶ መውጫ አጣ። ቤቱን የጎዳው ንቀት ቢሆን አይገርመኝም ነበር፤ የጎዳው ፍቅር ነው።

ቀለሙ አሁኑኑ ተፍቆ መነሳት ነበረበት። ድንጋዩ የበጋውን ፀሐይ በሙሉ ካላገኘ አይደርቅም። ያ ማለት ደግሞ በጥምቀት ቀን ቤቱ ራቁቱን ይቆማል ማለት ነው። ጋሽ ወርቅነህ በራቸው ላይ ቆመው እጃቸውን ዘረጉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ለታቦቱ ክብር ብዬ ስቀባ ቤቱን የጎዳሁት እኔ ነኝ ትያለሽ? አሁን ደግሞ ቤቲቱ ታቦቱን ራቁቷን ትቀበለው ትያለሽ? የኔን ሱቅ ፊት አትነኪም!»

ልቤ ተነካ። ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም። «ጋሽ ወርቅነህ፣ ልብስ ሰፊ ነዎት። ሰው የላስቲክ ካፖርት ለብሶ ፀሐይ ላይ ቢውል ምን ይሆናል?»

«ያልበዋል።»

«እስኪ ግድግዳዎን ይዳብሱት።»

ዳበሱት። መዳፋቸውን አዩት። እርጥቡን መዳፍ በሱሪያቸው ጠርገው ገቡ።

ሥራውን በሐጂ በኩል ጀመርን። የሽቦ ብሩሽ ክልክል ነበር፤ ድንጋዩን ያቆስላል። ቀለም የሚያላቅቅ ፈሳሽ ቀብተን፣ ቆይተን፣ በእንጨት መፋቂያ ቀስ እያልን ነው ያነሳነው። አረንጓዴው ሲነሳ ሰማያዊ መጣ፣ ከሥሩ ቢጫ፣ ከሥሩ ደግሞ ማንም ያላስታወሰው ሐምራዊ። ሐጂ ከድር በርጩማቸውን አውጥተው ተቀመጡ። «ሰማያዊው ልጄን የዳርኩ ዓመት ነው። ቢጫው ቅመሙ የነቀዘብኝ ዓመት፤ እሱን ቶሎ አንሺልኝ!» በመጨረሻ ድንጋዩ ራሱ ወጣ፤ ቀላ ያለ፣ የጠራቢዎቹ መዶሻ ምልክት ያለበት። ዕድሜዬን ከድንጋይ ጋር የኖርኩ ሴት፣ መፋቂያዬን ይዤ እንደ ልጅ ፈዝዤ ቀረሁ።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ወርቅነህ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው ወጡ። መወጣጫው ላይ ነበርኩ። የሜትሩን ጫፍ ወደ ላይ ሰደዱልኝ። «ያዢልኝ። ከበረንዳው እስከ ደረጃው ስንት ነው?»

ሐጂ ከድር ከሱቃቸው አንገታቸውን አወጡ። «ወርቅነህ፣ ቀሚስ ልትሰፋላት ነው?»

«አዎ! ለጥምቀት ዕለት ትለብሳለች፣ ማግስቱን ታወልቃለች። የኔንም በኩል ፋቁት።» ይኼን ብለው ወደ መኪናቸው ተመለሱ። ሳምራዊት እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔም ብሆን ስንት ዓመት ስገነባ ይኼ አልመጣልኝም ነበር።

ለቀሚሱ የሚሆነውን ነጭ አቡጀዲ ሐጂ ከድር ከሾላ በታክሲ አስጭነው አመጡ። ጋሽ ወርቅነህ ጣቃ በጣቃ ቀጣጥለው ሰፉት፤ ጠርዙን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አደረጉት። የደንበኛ ሱሪ ሁሉ ተረሳ፤ የተቆጣ ደንበኛ ቢመጣ «ወረፋ ያዝ፣ ትልቋ ደንበኛዬ አላለቀችም» ይሉታል። በዋዜማው ከበረንዳው ላይ ዘረጋነው። ቤቲቱ ነጭ ሆና ታየች፤ ርግቦቹ ብቻ ተቀየሙ።

በበዓሉ ቀን እልልታው ከታች ሲሰማ ሁላችንም ደጅ ወጣን። ታቦቱ ከበራችን ሲደርስ ከእንጦጦ በኩል ነፋስ መጣና አቡጀዲውን ገለበው። ቀዩ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ወጣ። ጋሽ ወርቅነህ ደንግጠው ጫፉን ሊይዙ ሮጡ፤ ሐጂ ከድር ክንዳቸውን ያዟቸው። «ተው፣ ይታይ።» ከፊት የነበሩ አንዲት አሮጊት ቀና ብለው አዩና፣ «እሰይ! የልጅነቴ ቤት!» ብለው እልልታቸውን አቀለጡት። ጋሽ ወርቅነህ ቆመው ቀሩ። ከዚያ ሳቁ። ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

ማግስቱን ልብሱ ወለቀ። በጋውን ሙሉ መጋጠሚያዎቹን በኖራና በአሸዋ ሞላን፣ ያበጠውን ነቅለን መልሰን ገነባን፣ ድንጋዩ ደግሞ ፀሐዩን ጠጣ። የበልግ ዝናብ ሲመጣ እንቅልፍ አጣሁ፤ ደግነቱ ቶሎ አባራ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ወራሾቹ መጡ። ሳምራዊት እርጥበት የሚለካውን መሣሪያ ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ «ድራይ ነው» አለች። እናፍርሰው ይሉ ከነበሩት ወራሾች አንዱ አላመነም፤ «መሣሪያ አይሳሳትም እንዴ?» አለ።

መዶሻዬን ለጋሽ ወርቅነህ ሰጠኋቸው። «እርስዎ ያንኳኩ።»

ተቀበሉኝ። ከበራቸው አጠገብ ያለውን ድንጋይ ነካ አደረጉት። ጥርት ያለ ድምፅ መጣ። ቀጥሎ ያለውን ነኩ፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ሌላውን፤ እያንኳኩ ሐጂ ከድር በር ደረሱ።

«በቃህ ወርቅነህ፣ ታፈርሰዋለህ!» አሉ ሐጂ።

ወራሹም ሳቀ። ቤቱ አልፈረሰም። እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ፤ ሲጠይቁኝ ኖራ ዓይኔ ገባ አልኩ። ጋሽ ወርቅነህ ወደ ስፌት መኪናቸው ተመለሱ፤ አቡጀዲው ታጥቦና ታጥፎ መደርደሪያቸው ላይ ነው።

ለወጣት ግንበኞች የምለው ይኼ ነው። ከመምታታችሁ በፊት አንኳኩ። ድንጋይ ላይ የማይተነፍስ ቀለም አትቀቡ። ባለቤቱ ለበዓል ላስውበው ካለ፣ የሚወልቅ ይሁን።