የጎረቤታችን ልጅ ቬሎ

አዲስ ከተማ በረንዳ ላይ ከሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች ብዙዎቹ ዛሬ በሞተር ነው የሚሠሩት። አንድ ሽማግሌ ግን አሁንም የስፌት መኪናቸውን በእግራቸው ይረግጣሉ። ያንን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እግሬ ይገታል። የዘይትና የአዲስ ጨርቅ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ይመጣል፤ እናቴም አብራ ትመጣለች።

በደርግ ጊዜ፣ አዋሳ እያለን ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ ስለነበር ምእመናኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በየተራ በየቤቱ ይሰበሰቡ ነበር። ተራው የኛ ሲሆን ሴቶቹ ልብስ ሊያሰፉ የመጡ ለመምሰል ጨርቅ ታቅፈው ይገባሉ። መዝሙር ሲጀመር ወደ ውጭ እንዳይሰማ እናቴ መኪናዋን ትረግጣለች። ክር የሌለው መርፌ ሲወጣ ሲወርድ፣ እሷም ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ስትዘምር አሁንም ይታየኛል። ለኔ በአዋሳ ከእሷ የበለጠ ደፋር ሴት አልነበረችም።

መጽሐፍ ቅዱሶቹን የምትደብቀው በቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያ ውስጥ ነበር። ከቤተሰቡ ሌላ ይህን የምታውቀው ጎረቤታችን ብቻ ናት፤ እናቴ እኔን ስታምጥ የደረሰችላት፣ ከአንድ ሌማት የምትበላ ጓደኛዋ። አንድ ጠዋት የቀበሌ ጥበቃዎች ሲመጡ ግራ ቀኝ አላዩም። በቀጥታ ወደ ጆንያው ሄዱ።

እናቴ ቀበሌ ስድስት ሳምንት ታስራ ከስታ ተመለሰች። ከክሳቷ ይልቅ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነበር። ማታ አብረን አባታችን ሆይ ስንል፣ "እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል" የሚለው ጋ ስትደርስ ዝም ትላለች። እኔና አባቴ እንጨርሳለን፤ እሷ ታቀረቅራለች።

"የማላደርገውን እንዴት ብዬ ለእግዚአብሔር ልንገረው?" አለችን አንድ ቀን። ማስመሰል አታውቅም ነበር እናቴ።

ከመታሰሯ በፊት የጎረቤታችንን ልጅ ቬሎ ቆርጣ ጀምራው ነበር። ሠርጉ ደርሷል፤ ጎረቤታችን ግን ጨርቁን ለመጠየቅ እንኳ ደጃችንን አትረግጥም።

"ቁርጥራጩን ወርውሪላት!" አልኳት።

"ሙሽራዋ ምን በደለችኝ?" አለችና መኪናው ላይ ተቀመጠች።

ሦስት ቀን እያለቀሰች ሰፋች። እንባዋ ነጩን ጨርቅ እንዳያበላሸው በክንዷ ትጠርጋለች። በመጨረሻው ቀን፣ "ጌታዬ፣ እኔ አልቻልኩም፤ አንተ ቻልልኝ" ስትል ሰማኋት።

ከዚያ ቬሎውን በነጠላ ጠቅልላ በጠራራ ፀሐይ ወሰደችው። እኔም ተከተልኳት። ጎረቤታችን በሩን ከፍታ ስታያት እግሯ ላይ ወደቀች። "ወንዱን ልጄን ለውትድርና እንወስደዋለን ቢሉኝ ነው፤ ሸጥኩሽ፣ እህቴ!"

"ተነሺ፣ ይቅር ብዬሻለሁ" አለች እናቴ። "ይልቅ ልጅቷን ጥሪያት። ዘርፉን ሳልለካላት ሠርጉ ሊደርስብን ነው።"

ያን ማታ እናቴ ጸሎቱን እስከ መጨረሻው አለችው። በመሐል ዝም ያልኩት እኔ ነበርኩ።

ብዙ ዓመት ዝም አልኩ። ለጎረቤታችን ሰላምታ እንኳ እየጎመዘዘኝ ነበር የምሰጠው። እናቴን በቀበርን በሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ሁሉ ሲሄድ ጎረቤታችን አርጅታ፣ ምርኩዟን ይዛ፣ ፍራሹ ላይ አጠገቤ ቀረች። ሲመሽ አባታችን ሆይ ጀመርን። እዚያች ቦታ ስንደርስ ዝም ብላ ፊቴን አየችኝ።

እጇን ያዝኩና ጮክ ብዬ አልኩት።