አባቴን ማንሣት የተውሁበት ጉዞ

እሑድ ጠዋት አባቴና እኔ ከደልጊ በሞተር ጀልባ ተነሣን። አባባ ታንኳ ሠሪ ናቸው። ባለፈው ክረምት ድንገት ታመው ቀኝ እጃቸውና እግራቸው ደከመ። ከዚያ ወዲህ ከመደብ የማነሣቸውም የማጎርሳቸውም እኔ ነበርሁ። ጎንደር የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ሰይድ መጥቶ፣ «አንቺም ነገ ታገቢያለሽ። ራሳቸውን ችለው ካልተነሡ እኔ ዘንድ እወስዳቸዋለሁ» አለ። አባባ ግን ከሐይቁ መራቅን ከሞት አይለዩትም። ባሕር ዳር ሆስፒታል የደከመ አካል የሚያሠሩ ባለሙያ አሉ ሲባል ሰማንና ቀበሌ ሄጄ የይለፍ ወረቀት ጠየቅሁ። ስድስተኛ ክፍል ብጨርስም ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም፤ ጸሐፊው ስሜን ሦስት ጊዜ አስደገመኝ።

ቁንዝላና ዘጌ

ጀልባዋ በእህል ጆንያና በፍየል ተጨናንቃለች። ሁለት ሰዎች ተሸክመው ሲያስገቧቸው አባባ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ቁንዝላ ዘመድ ቤት የተጠበሰ ዓሣ በልተን አደርን። በማግሥቱ ከዘጌ ሎሚ የያዙ ሴቶች ተሳፈሩ። አባባን ዳቦ ሳጎርስ አንዷ አይታ፣ «አባቷን እንዲህ የምታጎርስ ልጅ ትባረክ!» አለች። በሐፍረት አንገቴን ብደፋም ደስ አለኝ።

ባሕር ዳር

ዘንባባ የተተከለበትን መንገድ በጋሪ አልፈን አክስቴ ቤት አረፍን። ጠዋት ሆስፒታል የተቀበሉን ባለሙያ ሲስተር ዘውዲቱ ይባላሉ፤ ፈጣንና ቀልደኛ ሴት ናቸው። ለአባባ ውኃ በኩባያ አስቀመጡላቸው። የአባባ እጅ ሲንቀጠቀጥ ብድግ ብዬ ኩባያውን አፋቸው ላይ አደረስሁት።

«ውኃ የጠማው ማንን ነው? አንቺን ነው አባትሽን?» አሉኝ ሲስተር።

አባባ ተቆጡ። «ልጄ ናት፤ ታገልግለኝ እንጂ!»

«ይመርቋት አባቴ። ግን እጇን ትሰብስብ። እሷ ባነሣችዎ ቁጥር እግርዎ ሥራውን ይረሳል።»

አገራችን ሽማግሌ ሲነሣ ተቀምጦ ማየት ነውር ነው። ያን ቀን ነውሩን ተቀምጬ ተማርሁት። ሲስተር አባባን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ «እግርዎን ወደ ኋላ ሳብ፣ ወደ ፊት ጎንበስ፣ ከዚያ ብድግ!» ይላሉ። አባባ ግማሽ መንገድ ደርሰው ዘፍ ይላሉ። ሲስተር አጠገባቸው ቆመው እንዳይወድቁ ይጠብቃሉ እንጂ አይጎትቷቸውም።

በሦስተኛው ቀን ሲስተር የአባባን ሥራ ጠየቁ። ታንኳ መሥራት መሆኑን ሲሰሙ ከሐይቁ ዳር ታንኳ የሚታሰርበት ደንገል አንድ እቅፍ አስመጡ። አባባ ደንገሉን ዳሰስ አድርገው ሳቁ። «ይኸ ገና እርጥብ ነው። ማን ጅል አጨደው?» ቢሉም በደካማ እጃቸው ማሰር ጀመሩ። ቋጠሮው ሲላላ፣ «እንዲህ ያለ ታንኳ ላይ ጠላቴም አይሳፈር» ይላሉ፤ ፈትተው ደግሞ ያስራሉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ኩባያውን ሳያፈሱ ያነሡ፣ ከወንበሩም በምርኩዝ ይነሡ ጀመር። ሲስተር ስለ ቤታችንም ጠየቁን። መደባችን ዝቅ ያለ ስለሆነ በጭቃ ከፍ እንድናደርገው፣ በደጃፉም መያዣ እንጨት እንድንተክል ነገሩን።

ደልጊ

ስንመለስ አባባን ሊወስድ ከጎንደር የመጣው ሰይድ ከጎረቤቶች ጋር ወደቡ ላይ ቆሟል። ጀልባዋ ሳትታሰር ዘሎ ገባና አባባን ሊሸከም ጎንበስ አለ።

«ተው ጋሼ፣ አትንካቸው!» አልሁ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

«አብደሻል? ሰው እያየ?»

ከዳር አንዲት አሮጊት፣ «ወይ ጉድ! አባቷ ሲቸገሩ ቆማ ታያለች» አሉ። ጆሮዬ ጋለ። አባባ እግራቸውን ሳቡ፣ ጎንበስ አሉ፣ መልሰው ዘፍ አሉ። ሰይድ እጁን ሲዘረጋ ክንዱን ያዝሁት። ሁለተኛውም አልሆነም። በሦስተኛው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀጥ አሉ፤ እኔ ከጎናቸው ሆኜ የወደቡን ድንጋይ እየረገጡ ወረዱ። መሬት ሲደርሱ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ወደ ሰይድ ዞሩ።

«ጎንደር ስትገባ ልጆችህን ሳምልኝ» አሉት።

ሰይድ ሁለት ቀን ቆይቶ ጭቃ አቡክቶ መደቡን ከፍ አደረገና ብቻውን ተመለሰ።

ከዚህ ጉዞ የተማርሁት ማንሣት ቀላል፣ መጠበቅ ግን ከባድ መሆኑን ነው። አባባ አሁንም ጠዋት ጠዋት ለመነሣት ብዙ ጊዜ ይወስድባቸዋል። እኔም አጠገባቸው እጆቼን ከጭኔ ሥር አድርጌ እቀመጣለሁ።